ብርድ ላይ ፖል፦ ከደብረ ብርሃን ለጀማሪዎች፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ አራት ሆነን በአንድ ኪራይ ክፍል ፖል ዳንስ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ በቆመ የብረት ምሰሶ (ፖል) ላይ የሚሠራ ጭፈራ፣ መለማመድ ከጀመርን ወዲህ የሚደርሱን ጥያቄዎች እየተመሳሰሉ መጥተዋል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከመድገም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የምስክር ወረቀት ያለኝ አሠልጣኝ አይደለሁም። የምጽፈው እየወደቅኩ የተማርኩትንና አብረውኝ የሚለማመዱት ልጆች ያረሙኝን ነው።

ይሄ የናይት ክለብ ጭፈራ አይደለም እንዴ?

ዛሬ የምናየው መልኩ አዎ፣ ባብዛኛው ከውጭ አገር የምሽት ክበቦች የመጣ ነው። ብዙዎቹን ትሪኮች፣ ማለትም ፖል ላይ የሚሠሩትን እንቅስቃሴዎች፣ የፈለሰፉትም እዚያ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ይሄን መደበቅ ውለታ መብላት ይመስለኛል። ግን ምሰሶ ላይ ወጥቶ ተአምር መሥራት ከዚያ በፊትም ነበረ። ህንዶች ማላክሃምብ የሚሉት በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሠራ የቆየ ጂምናስቲክ አላቸው። የቻይና ሰርከስ ደግሞ ጎማ በለበሰ ረጅም ምሰሶ ላይ ይሠራል። ፖልን እንደ ስፖርት የሚመራው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮናም በ2012 ለንደን ላይ አካሄደ። የሰርከስ ደብረ ብርሃንን ልጆች ትርኢት ያየ የከተማችን ሰው ደግሞ የሰው አካል ምን መሥራት እንደሚችል ሊነገረው አያስፈልግም።

ለቤተሰብ እንዴት እንደሚነገር ብዙዎች ይጠይቁኛል። እኔ ለእማዬ ማስረዳት ሲያቅተኝ ይዣት መጣሁ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጓደኛዬ ስትወጣ ስትወርድ አየችና፣ «ይሄማ ባሕር ዛፍ መውጣት ነው፤ እኛ ከብት ስንጠብቅ እንሠራው አልነበረም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምታነሣው ቁምጣውን ብቻ ነው።

ቁምጣ የግድ ነው? በዚህ ብርድ?

የግድ ነው። ፖል ላይ የሚይዛችሁ ቆዳችሁ እንጂ ጡንቻችሁ ብቻ አይደለም። ጭን፣ የጉልበት ጀርባ፣ የክንድ ውስጠኛው ክፍልና የጎን ወገብ ከብረቱ ጋር በቀጥታ ካልተገናኙ ይንሸራተታሉ። ሱሪ ለብሶ ፖል ላይ መቀመጥ የማይሞከር ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን፣ መሬት አጠገብ የሚሠሩ መሽከርከሮችን ስትለማመዱ፣ ከጉልበት በላይ የሚቀር ቁምጣና ቲሸርት ይበቃል። እኛ ክፍሉን ዘግተን ሴቶች ብቻ የምንለማመድበት ሰዓት አለን። ሰውነት እስኪሞቅ ሱሪና ሹራብ ደርባችሁ ቆዩ፤ ተራ ስትጠብቁ ጋቢ ልበሱ። ቀልድ አይደለም፣ የቀዘቀዘ ጡንቻ ቶሎ ይቀደዳል።

ለምን ይንሸራተተኛል? ሌሎቹ እኮ ተጣብቀው ይቀራሉ!

ይሄ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይመጣል፤ የብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆረጠውም እዚህ ላይ ነው። «እጄ ደካማ ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የብረቱና የቆዳው ሁኔታ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ፖሉን ስትነኩት እንደ ወንዝ ድንጋይ ነው። የቀዘቀዘ ብረት አይዝም። ደረቅ ቆዳም አይዝም፤ ቆዳ ትንሽ ወዝ ሲኖረው ነው ብረት ላይ የሚጣበቀው። እዚህ ሁለቱ ባንድ ላይ ይመጡብናል፦ ብረቱ በረዶ፣ እጃችን ቅርፊት። የእኛ ዘዴ ይሄ ነው። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረን፣ ጨምቀን፣ ፖሉን ከምንይዝበት ከፍታ ጀምረን እስከ ታች እንጠቀልለዋለን። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይተን በደረቅ ጨርቅ አጥብቀን እንወለውለዋለን። ከዚያ አንዷ በእጇና በጭኗ እያሸች ታሞቀዋለች። ቅባት የምንቀባው ከልምምዱ በፊት ባለው ማታ ነው፤ በዕለቱ ቫዝሊን ወይም ሎሽን የነካው እጅ ፖል አይነካም።

ሸዋ ሮቢት ያለች አንዲት ልጅ ይሄን ምክር ሰምታ ሞከረችና «እኔ ጋ ጭራሽ ባሰ» አለችኝ። ልክ ነች። ጣርማበርን አልፋችሁ ቆላ ስትወርዱ ችግሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ጠላቱ ላብ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ፖሉን ማሞቅ ሳይሆን በየትሪኩ መሃል በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መለማመድ፣ እጅ ላይ ደግሞ የጂምናስቲክ ዱቄት መጠቀም ነው። ዱቄቱ ማግኒዥየም ካርቦኔት የሚባለው ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ ፈጭቶ መቀባት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ተዉት።

ፖሉን ለማጽዳት ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል፤ ቀለም የተቀባ ፖል ከሆነ ግን አልኮሉ ቀለሙን እንዳይበላው መጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ ሞክሩት። «አረቄስ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። ይሠራ ይሆናል፤ ሽታው ግን ለቤተሰብ ሌላ ጥያቄ ያመጣል።

ፑሽ አፕ እንኳ አንድ አልሠራም። ልጀምር?

ጀምሩ። ጉልበት የሚመጣው እየተሠራ ነው። ለመነሻ የሚያስፈልገው የክንድ ሳይሆን የትከሻ ብልሃት ነው። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ትከሻውን ማዘዝ ስለሚችል እዚህ ላይ ይቀድመናል፤ ልዩነቱ፣ እስክስታ ላይ ትከሻ ይወጣል ይወርዳል፣ ፖል ላይ ወርዶ ይቀራል። እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ፖሉን ያዙና እግራችሁ መሬት ሳይለቅ ትከሻችሁን ከጆሯችሁ አርቁት፤ ብብታችሁ ሥር ያለው የጀርባ ጡንቻ ሲጠብቅ ይሰማችኋል። እሱ ሳይጠብቅ በተዘረጋ ክንድ ብቻ የሚንጠለጠል ሰው ክብደቱን በሙሉ ለመገጣጠሚያው ያሸክማል።

ስለ ክብደትም እንዲሁ ይጠይቁኛል። ከእኛ መሃል ጭኗ ሞላ ያለው ልጅ ፖል ላይ መቀመጥን ከሁላችን ቀድማ ቻለች። የሚይዝ ቆዳ በዛላት።

ከየትኛው ትሪክ ልጀምር?

መሽከርከር እንደ መውጣት ስላልሆነ ቶሎ ያስደስታል፤ እኔ ሰው ሁሉ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በምንለው፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ፋየርማን በሚባለው እንዲጀምር ነው የምፈልገው። እንዲህ ነው።

ፖሉ በቀኛችሁ ይሁን። ቀኝ እጅ ከራስ በላይ ይይዛል፤ ግራ እጅ ደረት ፊት ለፊት። ወደ ፖሉ አትቅረቡ፣ ክንዳችሁ እስኪዘረጋ ድረስ ሰውነታችሁን ወደ ውጭ ጣሉት። አሁን ተራመዱ፦ በቀኝ እግር ከፖሉ አጠገብ እርገጡ፣ ግራ እግር ደግሞ ሰፊ ክብ እየሠራ በውጭ በኩል ይዙር። የሚያሽከረክራችሁ ይሄ ክብ ነው። ዝላዩ ትንሽ ነው፤ ብዙዎች ወደ ላይ ዘለው ከፖሉ ጋር ይጋጫሉ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ግራ እግሩ ዞሮ ሲመጣ ቀኙን አንሱና ሁለቱ ጉልበቶች ፖሉን መሃል አድርገው እንደ ጉጠት ይግጠሙ። የላይኛው እጅ ይስባል፣ የታችኛው ይገፋል። ዓይን መሬት አይይ፤ ወደምትዞሩበት ይቅደም። ስትደርሱ በእግር ጣት ሥር ባለው መዳፍ ቀስ ብላችሁ አርፉ።

የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ዙር ብትዞሩ ጥሩ ነው። አንድ ዙር ሙሉ ከወጣላችሁ ሌላኛውን ጎን ሥሩ። ይሄን ቸል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለወራት በቀኝ ብቻ ስዞር ቆይቼ ግራዬን ስሞክር እንደ አዲስ ጀማሪ ሆንኩ፤ አንዱ ትከሻዬም ከሌላው ወፈረ። አሁን በማይመቸን ጎን እንጀምራለን።

ከዚያ የወንበር መሽከርከር አለ፤ ፖሉ አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበት አጥፎ መዞር ነው። እግር ፖሉን ስለማይቆነጥጥ ሸክሙ ሁሉ ትከሻ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለተኛ ይምጣ።

መውጣት ቀጥሎ ነው። አንድ እግራችሁን ጣቱን ወደ ራሳችሁ ሰብስባችሁ ፖሉ ላይ አስደግፉት፤ የእግሩ ጀርባ በአንድ ጎን፣ ጉልበቱ በሌላው ጎን ፖሉን ይንካ። ሌላው እግር ከኋላ መጥቶ በባቱ ፖሉን ይጫን። አሁን ጉልበቶቻችሁን አጥብቁና በእግራችሁ ቁሙ። አዎ፣ ቁሙ ነው ያልኩት። በእጁ ራሱን እየጎተተ የሚወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ያበቃለታል፤ ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ የመለመለ የገጠር ልጅ ግን ሳይነገረው በእግሩ ይገፋል። የእግራችሁ ጀርባ ያማል፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይለምደዋል።

ፖል ላይ መቀመጥን ለመጨረሻ አቆየሁት። ትንሽ ወጥታችሁ አንዱን ጭን በሌላው ላይ አጣጥፋችሁ ትቆነጥጡታላችሁ፤ ከዚያ እጅ ይለቃል። ቃሉ እንደሚለው ቆንጥጦ ነው የሚይዘው። የመጀመሪያ ቀን ያልጮኸ ሰው አላየሁም።

መቼ ነው ተገልብጬ የምሠራው?

ሁሉም ቪዲዮ ላይ ያየው ይሄን ስለሆነ በሁለተኛው ቀን ይጠይቃል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ። ትከሻን አውርዶ ፖሉ ላይ አሥር ሰከንድ መንጠልጠል፣ ከዚያ ሳይዘሉ ጉልበቶችን ቀስ ብሎ ወደ ደረት ሰብስቦ አምስት ሰከንድ መቆየት፣ ከዚያ እግርን ሳይጥሉ ማውረድ፤ ይሄን በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ጊዜ። የቻለ ይሞክራል። ለአንዳንዱ ሁለት ወር፣ ለአንዳንዱ ስምንት ወር ነው።

እግርን ወደ ላይ ወርውሮ መገልበጥ ይቻላል፤ ችግሩ መመለሻው ነው። በውርወራ የወጣ ሰው በውርወራ ይወርዳል፣ ታች ደግሞ ጭንቅላቱ አለ። ስትገለበጡ ከጎናችሁ የሚይዝ ሰው ይቁም። ያ ሰው የሚደግፈው ዳሌንና ጀርባን ነው፤ እግር መያዝ አይጠቅምም። ፖሉ ሥር ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስፖንጅ ፍራሽ አንጥፉ። ፍራሹ አንገት እንደማያድን ግን እወቁ፤ እሱ ለቂጥና ለጉልበት ነው።

ሰው ቢወድቅስ?

በአንገቱ ወይም በራሱ ከወደቀ አታንቀሳቅሱት፣ አታስነሱት፣ ወጌሻ አትጥሩለት። አምቡላንስ ጥሩ። ወጌሻ ስንቱን ወለምታ እንዳቃና አውቃለሁ፤ የአንገት ነገር ግን በእጅ ታሽቶ አይታወቅም። እጅ እግር የደነዘዘው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም አትመኑት።

ከመውደቅ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስቆመው ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ሕመም ነው፦ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ የትከሻ ፊት። ጡንቻ በወራት ይጠነክራል፤ ጅማት ከእሱ ይዘገያል። ስለዚህ ጉልበት መጣልኝ ብላችሁ በየቀኑ ስትሠሩ ክርናችሁ ይቀጣችኋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት፣ በመሃል ዕረፍት እያደረጋችሁ ሥሩ። አንድ ሳምንት አርፋችሁም የማይለቅ የክርን ሕመም ለሐኪም ይታይ።

መበለዝስ?

ትበልዛላችሁ። ጭን፣ የእግር ጀርባ፣ የክንድ ውስጥ። እያደር ይቀንሳል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ግን ቀድማችሁ ምክንያቱን ተናገሩ፤ ባልሽ መታሽ ወይ ተብላ የተጠየቀች ጓደኛ አለችኝ፤ ባል የላትም።

ፖሉን ከየት አመጣለሁ? ቤቴ መትከል እችላለሁ?

ለዚህ ጥያቄ ትዕግሥት ይኑራችሁ፣ ረዘም ይላል።

ተሠርቶ የሚሸጠው ፖል በብዛት 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ብዙዎቹ በወለልና በጣሪያ መሃል በጥምዝ እየተወጠሩ ይቆማሉ፤ ሚስማር አይፈልጉም። የመጀመሪያው ፖሌ አገልግሎት ላይ የዋለ የዚህ ዓይነት ነበር። ተከራይቼ የነበረው ቤት የጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ቺፑድ ኮርኒስ። አጠበቅኩት፤ ጠበቀ። እንዲያውም ኮርኒሱ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ሲል አይቼ «አሁን ያዘ» አልኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጫፉ ተንሸራቶ ፖሉ እኔን ይዞ ወደ ረከቦቱ ሄደ። ስድስት ስኒ፣ አንድ ጀበናና የአከራዬ ኮርኒስ። እኔ በመዳፌ ደርሼ ተረፍኩ።

ኮርኒስ ጌጥ ነው፤ ምንም አይሸከምም። ተወጥሮ የሚቆም ፖል የሚፈልገው የኮንክሪት ሶሌታ ነው፤ ማለትም ፎቅ ቤት ምድር ቤቱ። እዚያም ቢሆን የእኛ አገር ሶሌታ ብዙ ጊዜ በየመሃሉ ባዶ ብሎኬት ያለበት ነው። ልስን ሥር ብሎኬቱ ላይ ካረፈ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ማረፍ ያለበት ብረት ባለበት በኮንክሪቱ መስመር ላይ ነው። ቤቱን የሠራውን ግንበኛ ወይም መሐንዲስ አሳዩት፣ ባለቤቱንም አስፈቅዱ። አሁን የምንለማመድበት ክፍል እንዲህ ተጠይቆ የተተከለበት ነው።

«የብረት ቤት ቧንቧ ልቁረጥ?» ለሚሉ፦ ባለ አንድ ተኩል ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ የውጭ ውፍረቱ 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ባለ አንድ ከሩቡ ደግሞ 42። ሁለቱም ለእጅ ይሆናሉ። ለደረጃ መደገፊያ የሚሸጠው ባለ ሁለት ኢንች ስቴንለስ 50 ይሞላል፤ ጣቱ አጭር ለሆነ ሰው ይወፍራል። ስቴንለሱ ቆዳ አይልጥም፤ የውሃ ቧንቧው ዚንክ ሸካራ ነው፣ እጅም ያጠቁራል። ሁለት ቧንቧ በጥርስ አያይዛችሁ አታርዝሙ። መጋጠሚያው ቆዳ ይቆርጣል፤ የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው። ግቢ ውስጥ በኮንክሪት የተተከለ ወፍራም ቧንቧ ከኮርኒስ ላይ ፖል ሺህ ጊዜ ይሻላል፤ አተካከሉን ግን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። እንዲህ የተተከለ ፖል ራሱ አይዞርም። ለጀማሪ ይሄ ጥሩ ነው፤ የሚዞረው ዓይነት ሰውነት ወደ ፖሉ ሲሰበሰብ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ያዞራል።

በጾም እንዴት ነው?

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሁሉን ነገር አቁሞ መጠበቅ ከባድ ነው። እኛ ሰዓት እንቀይራለን፦ ጾም ተፈቶ ትንሽ ከተቀመሰ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ አመሻሽ ላይ። ባዶ ሆድ ሆኖ መገልበጥ ያዞራል፤ ሽሮ ጠግቦ መገልበጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቀኑን ያልበላን ከሆነ መለጠጥና መሬት ላይ የሚሠራውን ብቻ እንሠራለን። ከልምምድ በኋላ በሶ ጥሩ ነው፤ ምሽት ላይ ባቄላና ምስር ይጨመርበት።

ከአዲስ አበባ መጥቼ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረኛል።

አዲስ አበባም ከፍ ያለች ናት፣ እዚህ ግን ከዚያም ይበልጣል። ከቆላ ለሚመጣማ የባሰ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በመሽከርከሮቹ መሃል ዐረፍ በሉ።

ወንድ ይችላል?

ይችላል። በማላክሃምብም በቻይና ምሰሶም ወንዶች ሞልተዋል። እኛ ጋ ቅዳሜ ይመጣሉ። ከላይ ጉልበት ስላላቸው በእጃቸው ይወጣሉ፣ ስለዚህ የእግር አያያዝ ይዘገይባቸዋል።

ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ብማርስ?

መሬት አጠገብ ያሉትን መሽከርከሮች፣ አዎ። ስልካችሁን አቁማችሁ ራሳችሁን ቅረጹና ትከሻችሁን ብቻ ተመልከቱ፤ ከጆሮ ጋር ከተገናኘ አቁሙ። እጅ ተጠምዝዞ የሚያዝባቸውን ትሪኮች ለጊዜው እለፉ፣ አንጓና ትከሻ ያበላሻሉ። ወደ ላይ የሚወጣበትንና የሚገለበጥበትን ሁሉ ግን ብቻችሁን አትሞክሩ። እርጉዝ የሆነች፣ የደም ግፊት ያለበት ወይም በቅርቡ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቀለበት፣ ማተብ፣ ሹሩባ?

ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ ፖሉን ይቧጭራል፣ ጣትም ይጨፈልቃል። ማተብ አውልቁ አልላችሁም፤ መስቀሉን ግን ቲሸርት ውስጥ አስገቡት፣ አለዚያ ስትገለበጡ ጥርሳችሁን ይመታል። ሹሩባ ከሁሉ ይሻላል፤ ረጅም ከሆነ ከኋላ ይታሰር።

ፀጉራችሁን ቅቤ የተቀባችሁ ቀን ግን እባካችሁ ቅሩ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ሻሽ አስሬያለሁ ብላ ገባች፤ መሽከርከር ላይ ሻሿ ወለቀ። ሦስት ጨርቅና ግማሽ ጠርሙስ አልኮል ጨረስን፤ ክፍሉ እስካሁን ኮሰረት ኮሰረት ይላል።